ያልተዘፈኑ ሁለት ስንኞች

«አዝማሪውን ምረጪ» አለኝ አባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሜ ግዛቸው በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጣቱን ወደ አዝማሪው ሲዘረጋ፣ «ከእኔ ቤት አዝማሪ አይወጣም!» ብሎ እጁን የመታው እሱ ነበር። በሕጉ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ከሚቀመጠው ተናጋሪ የጨዋታ ሰሌዳ ጦረኛ፣ ጠንቋይ፣ ፈዋሽ ወይም አዝማሪ ይመርጣል፤ የመረጠውም የዕድሜ ልክ ሥራው ይሆናል። ከአዝማሪው በቀር ሁሉም ግንባር ይሄዳል። ግዛቸው ጦረኛውን መረጠ። ከተመለሰ ወዲህ አይናገርም፤ ሲበላም ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም።

ጣቴን አዝማሪው ላይ አሳረፍኩ።

«ሁለት ስንኝ ዝፈኚ» አለ ሰሌዳው። «አንድ ደቂቃ አለሽ። ካልቻልሽ ጦረኛ ትሆኛለሽ።»

አባቴ ዘፈን ስለማይወድ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

«በይ እንጂ፣ የትናየት!» አለ አባቴ፤ ላብ አጥምቆታል።

ሰሌዳው ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀመረ። ስድስት ላይ ሲደርስ ከጥግ በኩል የሻከረ እንጉርጉሮ ተሰማ። ግዛቸው ነው። በራሱ የምርጫ ቀን ሊዘፍናቸው ያዘጋጃቸውን ስንኞች በቃሉ ይዟቸው ኖሯል። ከአፉ እየተቀበልኩ ዘፈንኩ። አዝማሪ ግጥም ከሰው መቀበሉ ደንብ ነውና ሰሌዳው አረንጓዴ በራ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። «እንዲህ ያምርብህ ኖሯል?» አለው።

ግዛቸው ግን ዓይኑ ወደ በሩ ተመልሶ ነበር።