አራት ቁጥር

ከፋለ ጨረታ አይወድም። ላሊበላ ላይ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሆቴል አለው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ያልተስማማው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ግን እንግዳ ጠፍቶ ክፍሎቹ ተዘግተው ከረሙ። እንግዳ ተቀባይዋ ሰገነት፣ ደንበኛው ራሱ ዋጋ የሚያቀርብበት ድረ ገጽ ላይ እንዲመዘገብ ለመነችው። እየተነጫነጨ ተመዘገበ።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። ለገና ዋዜማ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ ምድር ቤት ያለው አራት ቁጥር። ስም፦ ወለተ ሩፋኤል። ዋጋ፦ ሰባት መቶ ብር።

በገና አራት ቁጥር ስድስት ሺህ ብር ነው።

«ይሄ ስድብ ነው!» አለ ከፋለ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ። «በሰባት መቶ ብር ፍራሹንም አላከራይ!»

«የተጫራቾች ዘዴ ነው፣ ጋሽ ከፋለ» አለች ሰገነት። «መጀመሪያ በጣም ዝቅ አድርገው ይሞክራሉ። እምቢ ሲባሉ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይመለሳሉ። ብልጦቹ ደግሞ የመጨረሻውን ቀን ይጠብቃሉ። ባለሆቴሉ ክፍሉን ባዶውን ከሚያሳድር ያገኘውን ይቀበላል።»

«እኔን ነው በዘዴ?» አለና አልቀበልም የሚለውን ራሱ ተጫነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት መቶ ሃምሳ መጣ። በሌላው ቅዳሜ አንድ ሺህ አንድ መቶ። ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ ሁልጊዜ አራት ቁጥር። አንደኛው ላይ ማስታወሻ ነበረበት፦ «ደረጃ የሌለው ይሁን። ወይራው ያለበት በኩል።»

ከፋለ ደሙ ፈላ። ድረ ገጹ ላይ የወይራው ፎቶ የለም። ወይራውን የሚያውቅ ግቢውን የሚያውቅ ነው፤ ግቢውን የሚያውቅ ጠላት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጋሻዬ! ማዶ ያለው ባለሆቴል፣ የድሮ ሸሪኩ። ይህንን ቤት አብረው አቁመው ነው ተጣልተው የተለያዩት።

«ዋጋዬን ሊሰብር በሴት ስም ተሸሽጎ!»

«ምናልባት መነኩሲት ትሆናለች» አለች ሰገነት።

«መነኩሲት በስልክ ስትጫረት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

በዚያው ሰሞን እናቱ ወይዘሮ ይማርሽ ደወሉ። የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ፍላቂት ከተማ ካለው ከሙሉሃብት ሱቅ፣ ባለሱቁ በስልኩ እየነካካላቸው ነው የሚደውሉት።

«እማዬ፣ ለገና ትመጫለሽ አይደል?»

«ቦታ ካገኘሁ እመጣለሁ፣ ልጄ።»

«ሚኒባሱን በጊዜ ያዢዋ!»

«እሺ» አሉ። ባለፈው ገና ከተኙበት ክፍል አስነሥቶ ዕቃ ቤት ሲያስተኛቸውም እንዲሁ «እሺ» ነበር ያሉት። «በገና ክፍል ለሚከፍል ነው፣ እማዬ» ብሏቸው ነበር። እውነቱን ነው፤ በቦታቸው የገባው ፈረንጅ ከፍሏል። አሁንም የእናቱን «እሺ» ልብ አላለውም፤ ሐሳቡ ሁሉ ጋሻዬ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ሺህ ስምንት መቶ መጣ። ከፋለ ስልኩን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ።

«ወንድ ከሆንክ በስምህ ተጫረት!»

ጋሻዬ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ ነበር። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «የራሴን ክፍል መሙላት አቅቶኝ ያንተን ልከራይ? አንተ ሰው፣ ጸበል ግባ!»

ተናነቁ። የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው የገላገሏቸው። ከፋለ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ተመለሰ። መካዱ ራሱ ማስረጃ ሆነለት።

የገና ዋዜማ ደረሰ። ከተማው ከየአገሩ በመጣ ምእመን ተጨናነቀ፤ ቦታ ያጣው በየሜዳው ጋቢውን አነጠፈ። የከፋለ አሥራ አንድ ክፍሎች ተይዘዋል። የቀረው አራት ቁጥር ነው።

እኩለ ቀን ላይ የሰገነት ስልክ ጮኸ። ወለተ ሩፋኤል። ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር። ሥር ላይ፦ «ሌላ የለኝም።»

«ተቀበላት፣ ጋሽ ከፋለ። ከዚህ በኋላ ማን ይመጣል? ከባዶ አይሻልም?»

«ይኸው! የመጨረሻ ቀን ዘዴ ያልሽው ይኸው! ባዶውን ያድራል እንጂ ለዚህ ሌባ አልሰጥም!» አልቀበልም አለ። እሱም አልበቃው ብሎ አራት ቁጥርን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከወር ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ ማርያም ወጣ። ካህናቱ ከላይ ያሸበሽባሉ፤ ሕዝቡ አለቱን ሞልቶታል። በጠርዙ በኩል አንዲት አሮጊት ውርጭ የመታው ጋቢ ተከናንበው፣ ድንጋይ ተደግፈው ይስላሉ። አልፏቸው ሄደና ተመለሰ።

«እማዬ!»

ቀና አሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ምን ማለትሽ ነው? ባለሆቴል ልጅ እያለሽ ሜዳ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?» ድምፁ ከፍ ብሎ ሰው ዞር ዞር አለ። «ለምን አልመጣሽም?»

«ቦታ አጣሁ፣ ልጄ» አሉ።

«እኔ እያለሁ! ተነሽ፣ አራት ቁጥር ባዶውን ነው ያደረው!» ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

እናቱ ቁልፉን አዩት። ከዚያ ሳል አጣደፋቸው። አጠገባቸው የነበሩት ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሰምተው መስቀላቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

«ልጸልይልዎ፣ እናቴ። ስመ ክርስትናዎ ማን ነው?»

ከፋለ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ። አያውቀውም። አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቋቸው አያውቅም።

«ወለተ ሩፋኤል» አሉ እናቱ።