እስከ ማደያው ድረስ

አባባን ከታላቅ እህቴ መኪና ለማውረድ እኔና እሷ ግራና ቀኝ ይዘናቸዋል። «ልቀቁኝ እንጂ፣ ጆንያ አደረጋችሁኝ!» ይላሉ እየሳቁ። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ስላላቸው በነጠላ ጫማ ነው የመጡት። ከመኪናው እስከ ማደያው ካፌ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆመን እናርፋለን።

ዛሬ ተጠባባቂ ነኝ። የታመመ ወይም የቀረ ፓይለት ካለ ይደወልልኛል፤ በተደወለልኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያው መገኘት አለብኝ። ውላችን እንደዚያ ይላል። የአባባ ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል፤ ይሄ ማደያ ግን ሃምሳ ደቂቃ ነው። በወር አሥራ ሁለት ቀን ከዚህ ማለፍ አልችልም። የቀረውን መንገድ እህቴ እሳቸውን ይዛ ትመጣለች።

ሻይ እናዛለን። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዱት አባባ፣ ስልኩን መንገድ ላይ እንደቆመ ትራፊክ ፖሊስ በጥርጣሬ ያዩታል።

«ዛሬ ይጠሩሃል?»

«እንጃ አባባ። ባይጠሩኝም እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የእነሱ ነኝ።»

«ሳይሠሩ መታሰር! እኛ እንኳ ስንነዳ ነድተን፣ ስንገባ ገብተን ነበር።»

እህቴ ስኳሯን እያማሰለች «ድምፁንስ ሰጠህ?» ትለኛለች።

አልሰጠሁም። ማኅበራችን ከድርጅቱ ጋር በአዲስ ውል ተደራድሮ ጨርሷል፤ «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» የምንለው በስልካችን ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት። አሁን አምስት ከሩብ ሆኗል። አዲሱ ውል የተጠባባቂነቱን ቀን ከአሥራ ሁለት ወደ ስምንት ያወርደዋል። አንዱን ሰዓት ግን አርባ ደቂቃ ያደርገዋል።

«አርባ ደቂቃ ከሆነማ እዚህም አትደርስም።»

«አልደርስም እትዬ። ግን አራት ቀን ነፃ እሆናለሁ። ቤት ድረስ እመጣለሁ።»

«ነፃ ቀንህን ስንቴ ቀሙህ? ባለፈው ወር እመጣለሁ ብለህ በር በሩን ሲያዩ አይደል የዋሉት?»

እውነቷን ነው። ነፃ ቀኔ ነፃ የሚሆነው ወረቀቱ ላይ ነው።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል?» ይላሉ አባባ። «አልስማማም በላቸው። እኔ እዚህ እመጣለሁ። መኪና አያለሁ፣ ሰው አያለሁ፤ ለእኔም ሽርሽር ነው።»

ከዚያ ወደ አስተናጋጇ ዞረው ስኳር እንድትጨምርላቸው ይለማመጧታል። እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትላለች።

«ሐኪሙ መኪና ላይ ብዙ እንዳይቀመጡ ብሏል። ባለፈው ከዚህ ተመልሰን ሲያቃስቱ ነው ያደሩት። እንዳትነግሪው ብለውኛል።»

እግራቸውን አያለሁ። የነጠላ ጫማው ማሰሪያ ያበጠው ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። እሳቸው ሁለት ማንኪያ ስኳር አግኝተው ደስ ብሏቸዋል።

ስልኩ ይጮሃል። አነሳዋለሁ።

«ካፒቴን፣ ከምደባ ክፍል ነው። የሰባት ሰዓቱን በረራ አንተ ትይዛለህ። ከአሁን ጀምሮ አንድ ሰዓት አለህ።»

«እሺ» እላለሁ።

አባባ ገና ሻያቸውን ፉት አላሉም። ጎንበስ ብዬ ስስማቸው በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው ትንሽ ያቆዩኛል። «በል ሂድ። ደግሞ ረፈደብኝ ብለህ እንዳትበር» ይሉኛል፤ ያሉት ነገር ራሳቸውን ያስቃቸዋል። እህቴ አትስቅም።

መኪናዬን አስነስቼ ስወጣ፣ የማደያው መውጫ ላይ አንድ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍሬን ይዤ ስልኬን አነሳለሁ። ብዙ አላስብም፤ ባስብ እንደማልነካው አውቃለሁ። «እስማማለሁ» የሚለውን እነካዋለሁ። ድምፅዎ ተመዝግቧል፣ ይላል ጽሑፉ።

ቀና ብዬ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያለሁ። አባባ በእህቴ ትከሻ ተደግፈው ደጅ ወጥተዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሩቁን አይለዩም። ነዳጅ ቀድቶ በዚያኛው በር የሚወጣ አንድ መኪና አለ፣ እንደኔው ነጭ። አባባ ወደዚያኛው ዞረው፣ ክንዳቸውን እንደምንም ከፍ አድርገው፣ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ እጃቸውን ያወዛውዙለታል።