የሲሞን ብርቱካን

ወታደሩ የጓደኛውን የሲሞንን መርዶ ይዞ ከማጂ ቁልቁል ወርዶ፣ ቡናና ብርቱካን ወደከበባት የሸለቆ መንደር ሲደርስ ረፍዶ ነበር። የጓደኛው እናት እማማ ንጋቷ ከደጃፍ በርጩማ አወጡለት። ከፊቱ አንዲት የብርቱካን ዛፍ ፍሬ በዝቶባት ጎብጣለች።

«ከእሷ እንዳትቀጥፍ» አሉት እየሳቁ። «የሲሞን ተክል ናት። በእኛ ወግ የመጀመሪያውን ፍሬ የተከለው ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም። ከጦጣ ጋር ስታገል ከረምኩልህ። መቼ እመጣለሁ አለ?»

ሲሞን ጦር ግንባር ላይ ሊሞት ሲል «በእኔ ፈንታ አንተ ቅመስልኝ» ብሎት ነበር። ተነሳና አንዱን ቀጥፎ፣ ልጦ ጎረሰ።

የእማማ ንጋቷ ሳቅ ጠፋ። ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ጣፈጠ?»

«ጣፍጧል፣ እማማ።»

መዳፋቸውን ዘረጉለት። «እንግዲያ ለእኔም ስጠኝ።»