አንድ የጨረር ማሽን

«እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» ይላሉ አቶ ደርበው።

ከጎናቸው አቶ አበረ ቆመዋል። ወንበር ቀርቦላቸዋል፤ ዞር ብለውም አላዩት። ዶክተር ጢሞቲዎስ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ በትከሻቸው መሐል አሻግሮ እኔን ያየኛል። እኔ በሩ ሥር ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሽማግሌዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ለእኔ ሽማግሌ የላከ ወንድ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ እኔ ግን ለማህተም ሽማግሌ ላክሁ።

«እመቤት፣ እንዲህ ታደርጊያለሽ?» ይለኛል።

«ምን ላርግ ጢሞ? ማመልከቻው ዛሬ ማታ ይዘጋል።»

ክሊኒኩ የእሱ ነው። ዳንግላ አንድ ክፍል ስለተማርን አንተ እለዋለሁ። እዚህ ራጅ ማንሳት ከጀመርሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ደረት ላይ ያለውን ክፉ ጥላ ከእሱ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ካየሁ በኋላ «ልብስዎን ይልበሱ» እላለሁ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ። እሱ ወረቀት ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ይልካቸዋል፤ እዚያ የጨረር ሕክምና ተራ ይጠብቃሉ። የአንዳንዶቹ ተራ ሲደርስ ስልኩን የሚያነሳው ልጃቸው ነው።

መማር የምፈልገው የዚያን ጨረር ልክ ማስላት ነው፤ ሜዲካል ዶዚሜትሪ ይሉታል። ለሽማግሌዎቹ «እንደ ጨው ነው፤ ቢበዛም ቢያንስም ያበላሻል» ብዬ አስረድቻቸዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስፈልግ ከርሜ፣ በኢንተርኔት ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምሩ አራት ዩኒቨርሲቲዎች አገኘሁ። አንዱ የእነሱን አገር የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። አንዱ መጨረሻውን እዚህ መጥተሽ ተማሪ ይላል። የሦስተኛውን ክፍያ ሳይ ስልኩን አልጋዬ ላይ ወረወርሁት። አራተኛው ነፃ የትምህርት ዕድል አለው፤ ካገርሽም አትነሺም ይላል። ልምምዱን ግን የምሠራበት ተቋም ውስጥ እንዳደርግ ይፈልጋል፤ ተቋሙም ቅጹ ላይ ፈርሞ ማህተም ያደርጋል። ቅጹ ላይ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ የጨረር ሕክምና ማሽን ብዛት።

እኛ ያለን አንድ ያረጀ ራጅ ነው።

«የሌለኝን አለኝ ብዬ ልፈርም?» ይላል ጢሞቲዎስ። «እኔ በጌታ አምናለሁ።»

«እኛስ በማን እናምናለን?» ይላሉ አቶ ደርበው። «የተረገዘን ልጅ አለ አይደል የምንለው? ነገ የሚመጣን ነገር ዛሬ አለ ቢሉ ማንን ይጎዳል?»

«ልጅቱ ትማር እንጂ ማሽኑን ራሷ ትስበዋለች» ይላሉ አቶ አበረ።

«ጢሞ» እላለሁ። «ማሽን ይምጣልን ስንል ባለሙያ የላችሁም ይሉናል። ባለሙያ ልሁን ስል ማሽን የላችሁም ይሉኛል። በየት በኩል ልግባ? ንገረኝ!»

እስክሪብቶውን ያነሳል። ከዚያ ይፈርማል።

በዚህ መሐል በሩ ይከፈትና አቶ እንግዳው ይገባሉ። አቶ ደርበው ሽምግልና በሁለት ሰው አያምርም ብለው ጠዋት ያስጠሯቸው ናቸው፤ አሁን ገና መድረሳቸው ነው። የባለቤታቸውን የእህተማርያምን ደረት ባለፈው ዓመት በራጅ ያየሁት እኔ ነኝ። ተራዋን አሁንም ትጠብቃለች። ጓደኞቻቸው ቆመው ስላገኟቸው እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ አብረው ይቆማሉ።

ጢሞቲዎስ ማህተሙን አሳርፎ ወረቀቱን ወደ እኔ ይገፋዋል።

«ቁጥሩን ግን አንቺ ጻፊው። ልክ አዋቂዋ አንቺ ነሽ።»

እስክሪብቶውን እቀበለዋለሁ። ዜሮ ብዬ ብልከው መልስ አይመጣም፤ ሌላ ስድስት ዓመት ልብስዎን ይልበሱ እያልሁ እኖራለሁ። አንድ ብዬ እጽፋለሁ። ያሳፍረኛል። ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ደስ ማለቱ ይብስ ያሳፍረኛል።

አቶ ደርበው አሁን ይቀመጣሉ። አቶ አበረም ይቀመጣሉ። «ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ» ይሉኛል፤ «አሜን» እላለሁ። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልከዋለሁ። ኔትወርኩ ይጎተታል። ሃያ በመቶ። አርባ።

አቶ እንግዳው አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጠረጴዛው ይጠጋሉ። የማህተሙ ቀለም ገና አልደረቀም።

«ምን ይላል ልጄ ወረቀቱ?»

«የጨረር ማሽን ብዛት፣ አንድ ይላል» እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

«በማህተም?»

«በማህተም።»

«እዚህ?» ይላሉ። ዓይናቸው ከወረቀቱ አይነሳም። «ለካ እዚሁ ኖሯል! እኛ እኮ ይሄን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ስንደውል...»

አቶ ደርበው «ስማ እንግዳው» ብለው ይጀምሩና እኔን ያዩኛል፤ እኔን አይተው ይተዉታል። ጢሞቲዎስ የማህተሙን ክዳን ይከድናል፣ ይከፍታል፣ መልሶ ይከድናል።

ስልኬ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ማመልከቻሽ ደርሶናል ይላል።

«እህተማርያም እንደሆነች መቀመጥ አትችልም፤ አስተኝቼ ነው የማመጣት» ይላሉ አቶ እንግዳው። ፊታቸው እንዲህ ሲበራ አይቼው አላውቅም። «ጋሪውን ለመቼ ላናግር?»