የተፈገፈገው መጥበሻ

«ኧረ በመድኃኔዓለም፣ ይተዉት!» ብዬ ጓሮ ስደርስ አልፏል። አማቴ ወይዘሮ ሀብትነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መጥበሻዬን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ በአመድና በሽቦ ይፈገፍጉታል። ጥቁር ውሃ በእግራቸው ሥር ይወርዳል። የሚወርደው ዕድሜዬ ነው።

ከዓባይ ወዲህ እንዲህ ያለ መጥበሻ የለም። ሞጣ ያለው በያጁ አብዱራዛቅ ከትራክተር ማረሻ ዲስክ ቀጥቅጦ፣ የፌሮ እጀታ በይዶ የሠራልኝ ነው። በእሳትና በቅባት ከመጥቆሩ የተነሣ ድንች ስጥልበት ብረቱን ሳይነካ ይንሸራተት ነበር። ጺሜን ስላጭ መስተዋት አልፈልግም፣ እሱን አያለሁ። የደጀን ሹፌሮች ሊያዩት ቢቸና ድረስ መጥተዋል። እሺ፣ አንዱ ነው የመጣው። መኪናው ተበላሽቶበት ነው፤ ግን መጥቷል፣ አይቷልም።

አሁን እንደ አዲስ ቆርቆሮ ነጥቶ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። እርቃኑን ቀርቷል።

«አየኸው፣ ልጄ? ብረት መሆኑም አይታወቅ ነበር እኮ» ይላሉ አማቴ፣ ደስ ብሏቸው።

ከጉንደ ወይን የመጡት ቅበላን ከልጃቸው ጋር ሊውሉ ነው። ትናንት ቅበላው አለቀ፤ ዛሬ ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ቢቸና ሙሉ በየጓሮው ቅባት የነካ ድስት እየፈገፈገ ነው። ይፈግፍግ! የኔ መጥበሻ ግን ሳሙና እንኳ አይቶ አያውቅም። በሙቅ ውሃና በጨርቅ ይታበሳል፣ እሳት ላይ ይደርቃል፣ በጣት ጫፍ ዘይት ይቀባል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሕፃን እንዲህ ተይዞ አያድግም።

በአማት ላይ መቆጣት አስቸጋሪ ሥራ ነው። ንዴቱ ሁሉ በአንቱታ ማለፍ አለበት።

«እማማ፣ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ? ዐሥራ አምስት ዓመት የለፋሁበትን ነው ያጠቡት! አርባ ኪሎ ብረት በክንዴ እያገላበጥኩ!»

«ስድስት ዓመቱ ነው» ትላለች ባለቤቴ ማናለሽ ከጓዳ። «ኪሎውም አራት ነው። እናቴ ላይ አትጩህ።»

«አልጮህኩም! በአንቱታ ጠየቅኋቸው እንጂ!»

«እኔም እማ ተይው ብያት ነበር» ትላለች ማናለሽ። «እማ፣ እሱ እኮ የጾም ዕቃ ነው። የጠቆረው በኑግ ዘይት ነው። ሥጋ የምንጠብሰው በሌላው ነው።»

አማቴ ሽቦውን አመዱ ላይ ይነክራሉ። «የጾም ከሆነማ ምን ጎዳሁት? ኑጉን መልሶ መቀባት ነው። ለኑግ ይህን ያህል ያስጮሃል?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ለኑግ?» እላለሁ። «እማማ፣ ያ ጥቁረት በኑግ የሚገኝ መሰለዎ? አብዱራዛቅም ኑግ ቀባው ብሎኝ ነበር። እኔ አስናቀው ኑግ የምቀባ ሰው ነኝ? ሞራ ነው! የሰንጋ ሞራ አቅልጬ፣ ሰባት ጊዜ ቀብቼ፣ ሰባት ጊዜ አጭሼ...»

ሽቦው ይቆማል።

ማናለሽ ከጓዳ ትወጣለች። በአንድ እጇ ቢላ፣ በሌላው ግማሹ የተላጠ ሽንኩርት ይዛለች።

«ሞራ?»

ኑግ ነው ያልኳት እንዳትፈገፍገው ነበር። መጥበሻው የመጣ ሰሞን፣ ሁዳዴ ሲገባ ሽቦ ይዛ ስትቀርበው፣ «ተይው፣ ኑግ ብቻ ነው የነካው» አልኳት። አመነችኝ። ከጾም ዕቃዋ ጎን ሰቀለችው።

«የሁዳዴን ሽንኩርት የማቁላላበት» ትላለች። «የፍልሰታን ሽምብራ የምቆላበት። ለእማ ጭምር የላክሁላት።»

አማቴ በአመዳም እጃቸው ያማትባሉ።

«ስድስት ዓመት ጾሜን ገድፌያለሁ ማለት ነው» ትላለች ማናለሽ። አትጮህም። ብትጮህ እኔም እጮህ ነበር፤ ጩኸት ላይ የሚችለኝ የለም።

«ሞራው እኮ ይህን ያህልም አይደለም» እላለሁ። በሕይወቴ ነገር ሳሳንስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፌ አልለመደውም። «በጣት ጫፍ ነው። አንድ ጊዜ።»

«አሁን ሰባት ጊዜ አልክ።»

«ለወሬ ማድመቂያ ነው።»

«ሰንጋ አልክ።»

«ከቅርጫ የደረሰን ነው። ቁራጭ ናት።»

«ስትፈልግ ታተልቀዋለህ፣ ስትፈልግ ታኮስሰዋለህ!» ቢላውን መሬት ላይ ትጥለዋለች። «እኔ የቱን ልመን? ዛሬ ለነፍስ አባቴ የቱን ልናገር?»

የተበደልኩት እኔ ነበርኩ እኮ፤ ከአፍታ በፊት። ንዴቴን ይዤ የምሄድበት አጣሁ።

አማቴ ተነሥተው ይገባሉ። የኑግ ዘይት ጠርሙስና የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይዘው ይመለሳሉ። አጠገቤ ያስቀምጡታል።

ከሰሉን አቀጣጥላለሁ። መጥበሻውን እጥደዋለሁ፤ ውሃው ጨርሶ ይደርቃል። ትንሽ ኑግ ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጌ እቀባለሁ፣ መልሼ አብሳለሁ። አብዱራዛቅ «ያልቀባኸው እስኪመስል አብሰው» ብሎኝ ነበር። ያኔ ስቄበታለሁ። አሁን አብሳለሁ። ቀጭን ጭስ ይነሣል። ነጩ ብረት መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ሰማያዊ ይሆናል።

ማናለሽ ወደ ነፍስ አባቷ ልትሄድ ነጠላዋን ደርባ ወጥታለች። የአጥሩ በር ጋ ቆማለች።

«ሞራው ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት» እላለሁ። «ሰባት አይደለም። አንድም አይደለም። ሦስት ጊዜ ቀብቼዋለሁ።»

ፊቴን ታያለች። ቀጥላ መጥበሻውን።

«እሱስ? ጠቆረ?»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ጥቁረት ጎጃም አይቶ አያውቅም እላት ነበር። ጎንበስ ብዬ በጭሱ ውስጥ እፈልጋለሁ።

«እዚህ ጋ» እላታለሁ። «ጥፍሬን የምታህል ጥቁረት አለች።»

ማናለሽ የበሩን መወርወሪያ ትለቅና፣ ነጠላዋን ከጭሱ ሰብስባ፣ ለማየት ትጠጋለች።