አረንጓዴው ክር

ሙስሊማ መብራቱን ስታጠፋ፣ ከፀጉር የቀጠነው የመስታወት ክር ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ኤርቢየም የተባለ ብረትና ብር የቀላቀለችበት፣ በሌዘር እየበራ ሙቀት የሚለካ ክር ነበር። “ጽቡቕ! ጎበዝ ልጅ!” አሉ መምህሯ። ታመነን ቅናት አንገበገበው። እሱና ሙስሊማ ከወሎ አብረው መጥተው፣ መቐለ ላይ በአንድ ቤተ ሙከራ ነው የሚሠሩት፤ የእሱ ክር ግን አንድም ቀን በርቶ አያውቅም።

ሥራዋን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ፊታቸውን የክሩን ሙቀት በመስመር ወደሚያሳየው እስክሪን ሲያዞሩ፣ ታመነ ከኋላቸው ቀስ ብሎ ክሩን በሁለት ጣቱ ቆነጠጠው። እጥፍ ቢያደርገው ቀጭ ይላል። በዚህ ጨለማ ማን ያየዋል? ጣቶቹ እሳት ሆነዋል።

እስክሪኑ ላይ ተኝቶ የነበረው መስመር ድንገት ሽቅብ ተነሣ። “እንዴ፣ ምን ነካው?” አሉ መምህሩ። ሙስሊማ ዞር ስትል አረንጓዴው ብርሃን የታመነ ጣቶች ላይ ወድቆ አየች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

“ታመነ ነው” አለች ቀስ ብላ። “በእጁ እያሞቀ እያሳየልኝ ነው።”

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሙስሊማ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ “በቃ ታሜ፣ ልቀቀው” አለችው። እሱን ግን ጣቶቹ በእፍረት ግለው አልታዘዝ አሉት፤ መስመሩም በሰው ሁሉ ፊት ይብሱን ወደ ላይ ወጣ።