ሩዋይዳ ለምን ዘጋችን?

«ኩላሊት ምን ይሠራል?» አላት የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር አዱኛ።

ሩዋይዳ ዝም...

«ሩዋይዳ! አንቺን ነው!»

«ደም ይረጫል» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ...

ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ልጅ... «ሐኪም ነው የምሆነው» የምትል ልጅ... ኩላሊትና ልብ ተምታታባት?

እኔም ሳቅኩ። ግን ግራ ገብቶኝ ነበር።

ይሄ የሆነው ጊንጪ ነው። 2013 ዓ.ም.፣ በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ተከፍቶ፣ ሁላችንም ማስክ አድርገን የምንማርበት ጊዜ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን።

ሩዋይዳን የማያውቅ የለም። የባለሱቋ የእትዬ መድና ልጅ ናት። በመቶ ሜትር አምቦ ድረስ ሄዳ ወርቅ ያመጣችልን ሯጭ።

ከኮሮና በፊት አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ወሬኛ... ሳቂታ... ከአጠገቧ መነሳት አያሰኝም ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች።

«አካም ቡልቴ፣ ሩዋይዳ?» ብዬ ሰላም እላታለሁ... አልፋኝ ትሄዳለች።

ሜዳ ላይም ያው ነው። የስፖርት መምህራችን ቲቸር ገለታ «ተዘጋጁ... ሂዱ!» ሲል ሁሉም ይፈተለካል። እሷ ቆማ ትቀራለች! ሌሎቹ ሲሮጡ ስታይ ነው የምትነሳው።

ያም ሆኖ ሦስት አራቱን ደርሳ ታልፋለች።

«ልብሽ የት ነው ያለው?» ብሎ ይቆጣታል። እሷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

«ኮራች» አልን። «ወርቁ አናቷ ላይ ወጣ» አልን።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሰላምታዬን የማትመልስ ልጅ፣ ሁልጊዜ ከሰዓት መጥታ «መቲ፣ ደብተርሽን» ትለኛለች። ወስዳ ትገለብጣለች። ጠዋት ትመልሳለች።

ከዚያ የባዮሎጂ ፈተና መጣ... እኔና እሷ አንድ ዓይነት ስህተት ጻፍን። የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ነው!

ቲቸር አዱኛ ግቢ ውስጥ አስቆመኝ።

«ማን ከማን ነው የኮረጀው?»

እውነቱን አውቀዋለሁ። ስህተቱ ደብተሬ ላይ ነበር። እሷ ከደብተሬ አጥንታ ነው።

ግን ያ ሁሉ ንዴት...

«እሷ ናት» አልኩ።

በማግስቱ በክፍሉ ሰው ፊት አስነስቶ ስለ ኩላሊት የጠየቃት ለዚህ ነበር። መልሷን ከሰማ በኋላ መኮረጇን አመነ።

«በፈተና የሚኮርጅ ልጅ ትምህርት ቤታችንን ወክሎ አይሮጥም» አለ። ለዚያ ዓመት የአምቦ ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው ስሟ ተሰረዘ።

አላለቀሰችም። አልተከራከረችም። የዚያን ቀንም መጥታ «መቲ፣ ደብተርሽን» አለችኝ...

ምን ዓይነት ሰው ናት? አልኩ ለራሴ።

ቅዳሜ ጠዋት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በኩል ሳልፍ ሳቋን ሰማሁ። የድሮ ሳቋን! በመስኮት ተመለከትኩ።

አሥር የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል። ሩዋይዳ ፊታቸው ቆማ እጇን ታወናጭፋለች... ልጆቹም በእጃቸው ይመልሳሉ።

ማስካቸው ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነው። አፉ ላይ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ተሰፍቶበታል። የሁሉም ከንፈር ይታያል።

መምህርታቸው አረጋሽ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ታስጠናልኛለች። ማስኩንም የሰፋችው እሷ ናት።»

«የምልክት ቋንቋ የት ተማረች?»

«እዚሁ ነዋ። ሰባተኛ ክፍል እያለች ታማ ጆሮዋ ደከመ። አንዱ ጨርሶ አይሰማም፣ ሌላውም በጥቂቱ ነው። የሰው አፍ እያየች ነው የምትሰማው... ጓደኛዋ አይደለሽም እንዴ? የምታውቂ መስሎኝ!»

የሰው አፍ እያየች...

እኛ ደግሞ ሁላችንም አፋችንን ሸፍነናል!

ሩዋይዳ አየችኝና ወጣች። የሰፋችውን ማስክ ሰጠችኝ፣ አደረግኩት።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ከቡድኑ ያስወጡኛል... ከእናንተም ይለዩኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

ሰኞ ያንን ማስክ ይዤ ቲቸር አዱኛ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። «እሷ ናት» ያልኩት ውሸት መሆኑንም።



ከዚያ ማስኩን አድርጎ ክፍል ገባ። ላስቲኩ በትንፋሹ ላብ ያወጣል... ይጠርገዋል... ይጠይቃታል። ማንም አልሳቀም።

አሥራ አራት ጥያቄ ጠየቃት። አንድ ብቻ ሳተች።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አላት።

ስሟ ተመለሰ። አምቦ ላይ ቲቸር ገለታ ዳኞቹን ለምኖ፣ ከሽጉጡ ጋር እኩል ባንዲራ እንዲወርድላት አደረገ። በመቶ ሜትር ሁለተኛ፣ በሁለት መቶ አንደኛ ወጣች። ዛሬ ህክምና እየተማረች ነው።

እኔ ግን ለእሷ መናገር አቅቶኝ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ለአረፋ ጊንጪ ስትመጣ አልቻልኩም... እያለቀስኩ ነገርኳት።

«ኮርጃለች ብዬ ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ። ለቲቸር ስትነግሪው ማስክሽን አገጭሽ ላይ አውርደሽ ነበር። በክፍሉ መስኮት እያየሁሽ ነበር... ‹እሷ ናት› ስትዪ አነበብኩት።»



«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምንስ ደብተሬን መጠየቅ አልተውሽም?»

«ግራ ገባኝ፣ መቲ። ስንት ወር ሙሉ ከአፍሽ ያየሁት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ምን እንዳስቀየምኩሽ ልጠይቅሽ እልና... ፊትሽ ተሸፍኗል። ደብተርሽን ከተውኩ ደግሞ ከአንቺ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አይኖርም።»

ወዳጆቼ... ይህንን ገጽ የከፈትኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

የዘጋን ሁሉ ንቆን አይደለም። እኛ «ኮራች» ብለን ስንፈርድባት እሷ «ምን አደረግኳቸው?» እያለች ነበር። አንድ ጥያቄ ብንጠይቃት ኖሮ ሁሉም ነገር ያን ቀን ያልቅ ነበር።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... «ዘጋኝ» ብላችሁ ምክንያቱን ሳትጠይቁ የራቃችሁት ሰው አለ? ዛሬ ብታገኙት መጀመሪያ ምን ትሉት ነበር? 👇